ደስታን ፍለጋ ዶርዜ

ደስታን ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። እንዲህ ስል የተከዘ ሰው እንዳልመስላችሁ፤ ደስታ የሰው ስም ነው። ቀበሌ የሚያውቀው፣ ቤት ያለው፣ ጎረቤት ያለው ሰው። እኔም የፈለግኩት በሕይወቴ ጎድሎኝ ሳይሆን ማህተም ባረፈበት ደብዳቤ ታዝዤ ነው። ነገሩ እንዴት እንደተምታታብኝ ለመናገር ግን መጀመሪያ ስለራሴ ትንሽ ማውራት አለብኝ። ስለራሴ ማውራት እንደምወድ የሚያውቁኝ ያውቃሉ፤ የዛሬውን ግን እንደ ኑዛዜ ቁጠሩልኝ።

አርባ ምንጭ የመጣሁት ከጎጃም ነው፤ አማርኛ ላስተምር። ከአማርኛም የምወደው ሰዋስው ነበር፤ ከሰዋስውም ፆታ። ተማሪዎቼ አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛና በወላይትኛ ስለሆነ "እናቴ ገበያ ሄደ" ብለው ይጽፉልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቀይ እስክርቢቶዬን ከደረት ኪሴ መዝዤ "ሄደች!" እላለሁ። በዓመት ስንት እናት ወደ ሴትነት እንደመለስኩ እኔና እስክርቢቶው ነን የምናውቀው። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሴት ልጃችንን "ና እስቲ አንተ ጎበዝ" ብላ ስታቆላምጥ እሰማለሁ፤ እሷን ግን አርሜ አላውቅም። እራት የምታቀርበው እሷ ናት።

ከዚያ ቢፒአር መጣ። በዚያ ዘመን መንግሥት ቤት የነበረ ሰው ቢፒአር ምን እንደሆነ አይጠይቀኝም፤ ያልነበረ ሰው ደግሞ ብነግረው አይገባውም። ባጭሩ ሁላችንም ከወንበራችን ተነስተን በሌላ ሰው ወንበር ተቀመጥን። የምደባው ዝርዝር ሲለጠፍ ስሜን "የቴክኖሎጂ ባለሙያ" ከሚል ረድፍ ውስጥ አገኘሁት። እኔ ስለ ቴክኖሎጂ የማውቀው ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽ ጎኑን በጥፊ ማለትን ነው። ቅሬታ አስገባሁ። ቅሬታ ሰሚው ማመልከቻዬን አንብቦ "ሥራው ላይ ትለምደዋለህ" አለኝ። እሱ ራሱ እስከ ባለፈው ሳምንት የከብት ሐኪም ነበር።

አለቃዬ አለቃ መባሉ ቀርቶ "የሥራ ሂደት ባለቤት" ተባለ። እኛም ሲቸኩለን "ባለቤቱ" እንለው ጀመር። ይህቺን "ባለቤት" የምትል ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

አንድ ሰኞ ባለቤቱ አስጠራኝ።

"ዶርዜ አንድ ሰው እንሰት የሚፍቅ መሣሪያ ሠርቷል አሉ" አለኝ። "ዐርብ ኤግዚቢሽን አለ። መሣሪያው ከተመረጠ አሥር ተጨማሪ በከተማው ወርክሾፕ ተሠርቶ ለፈጣሪው ሰፈር ይሰጣል። ግን ፈጣሪው በአካል ተገኝቶ ቅጹ ላይ መፈረም አለበት። ፈጣሪ ከሌለ ምንም የለም።"

"እሱማ እውነት ነው" አልኩ፣ ወደ ላይ እያየሁ።

"ስለ ሰው ነው የማወራው" አለኝ።

እንሰት ሲፋቅ አይቶ ለማያውቅ ያገሬ ሰው እንዲህ ነው። ሴቲቱ መሬት ላይ ትቀመጥና የእንሰቱን ግንድ ቁራጭ ባጋደለ ሳንቃ ላይ ታስደግፈዋለች። በአንድ እግሯ ሽቅብ ረግጣ ይዛ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ቁልቁል ትፍቀዋለች። ጭማቂው ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል፣ የሚበላው ይጠራቀማል። ይህን ቀኑን ሙሉ ታደርጋለች፤ ማታ ላይ ትከሻዋ የሷ አይደለም። ሴቲቱ ያልኩት ሥራው የሴት ስለሆነ ነው። ወንድ እጁን አያስገባበትም። ይህን አርባ ምንጭ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ነግረውኛል፤ በተፈለገበት ሳምንት ግን ጠፋኝ።

ማክሰኞ ጠዋት በአንድ አይሱዙ ጋቢና ተጭኜ ወጣሁ። ከታች ሙቀት ነው፤ አባያ ሐይቅ በስተጀርባ እየራቀ መንገዱ ሲጠማዘዝ ሸሚዝ ሹራብ ይጠይቃል፤ ዶርዜ ሲደርሱ ጉሙ ራሱ ሰውን ይለብሰዋል። ቀበሌው የጠቆመኝ የአቶ ማርቆስን ግቢ ነበር። አቶ ማርቆስ ሸማኔ ነው። በቀርከሃ ከተሠራው ረጅም ቤቱ ደጃፍ፣ ከሽመና ዕቃው ፊት ተቀምጦ መወርወሪያውን ያመላልሳል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"ነይ ጋሼ! ግቢ!" አለኝ።

"ና፣ ግባ" አልኩት በለመደብኝ ድምፅ።

"ገብቻለሁ'ኮ፣ ቤቴ ነው" አለኝ ግራ ተጋብቶ።

የዚያን ቀን ወሬያችን ከዚህ ብዙም አልተሻለም። መሣሪያው ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ሳየው ግን ቴክኖሎጂ የማያውቅ ሰው እንኳ ይገባዋል። መርገጫው ከአሮጌ የሽመና ዕቃ የተወሰደ ነው። እግር ሲረግጠው መፋቂያው በሳንቃው ላይ ቁልቁል ይሄዳል፤ ሲለቀው በጎማ ከመነዳሪ ገመድ የታሰረ ጎባጣ ቀርከሃ መልሶ ሽቅብ ይስበዋል። የትከሻን ሥራ እግር ወስዶታል ማለት ነው። ቀርከሃው ከአንዷ ጎረቤት፣ ከመነዳሪው ከሌላዋ፣ ሳንቃው ከሦስተኛዋ የተሰባሰበ መሆኑን አቶ ማርቆስ በጣቱ እያመለከተ ነገረኝ።

"ታዲያ ማነው የሠራው?" አልኩት ቅጼን አውጥቼ።

"ደስታ ሠራ።"

"አቶ ደስታ። ለእርስዎ ምንዎ ነው?"

"ባለቤቴ ነው።"

እዚህ ላይ እስክርቢቶዬን አቁሜ አሰብኩ። እንደ ሰዋስው አዋቂ ነው ያሰብኩት። "ነው" ብሏል፤ ስለዚህ ደስታ ወንድ ነው። ወንድ ለወንድ ባለቤት የሚሆነው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፦ ወይ የሥራ ሂደት ባለቤት ነው፣ ወይ የቤት ባለቤት። ዶርዜ ሸማኔ ቤት ቢፒአር አልገባም። ስለዚህ ደስታ የቤት ባለቤት ነው፤ አቶ ማርቆስ ተከራይ ነው። አርባ ምንጭ ከገባሁ ጀምሮ በሰው ቤት ስለኖርኩ አዘንኩለት። በአባቶቹ አገር የቀርከሃ ቤት ተከራይቶ!

"አያስቸግርዎትም?" አልኩት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አንዳንዴ ይቆጣል" አለኝ። "ግን ደህና ነው። ያበስላል። ልብሴን ያጥባል።"

ልብስ የሚያጥብ አከራይ! የኔ አከራይ እኔ ልብስ ሳጥብ ውሃ በዛ ብሎ የሚቆጣ ሰው ነው። የዶርዜን ሕዝብ ደግነት በማስታወሻዬ ላይ አሰመርኩበት።

"አሁን የት አለ?"

አቶ ማርቆስ ወደ ቤቱ ጓሮ ተመለከተ። "ምንጭ ወረደ። ውሃ ሊያመጣ።"

ጥቂት ቆይቶ እንስራ የተሸከመች ሴት ገባች፤ ከእሷ ኋላ ግን ማንም አልመጣም። ሴትዮዋ ራሷን በሻሽ ጠፍንጋ ያሰረች፣ ሰፊ እጆች ያሏት፣ ቀኝ ትከሻዋን ደጋግማ የምታሻሽ ነች። እንስራዋን አወረደች፣ ቆጮ በዳጣ አቀረበችልኝ። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ከዚያ መሣሪያው ላይ ተቀምጣ እንዴት እንደሚሠራ አሳየችኝ። እግሯ ሲረግጥ፣ እጇ ግንዱን ሲያዞር፣ አንዱ ከሌላው አይጋጭም። መሃል ላይ ቆም አለችና አንዱን የከመነዳሪ ቋጠሮ ፈትታ አጥብቃ አሰረችው።

"ትከሻ አሞኝ ነበር" አለችኝ። "አሁን እግር ይሠራል።"

ከበስተኋላዋ ሰባት ስምንት ሴቶች ግንዳቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ከሁሉም የሸመገሉት አንዲት እናት የእንሰቱን ቁራጭ እንደ ሕፃን ታቅፈው በጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ተራው ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል አሉኝ፤ መሣሪያው አንድ ነው፣ ትከሻው ብዙ ነው።

"እውነት አሥር ይሰጣሉ?" አለችኝ ሴትዮዋ።

"ደስታ በአካል መጥቶ ከፈረመ" አልኩ። "ካልፈረመ ግን የለም።"

"ይፈርማል!" አለ አቶ ማርቆስ። ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በማስታወሻዬ ላይ "ተጠቃሚዋ በመሣሪያው አጠቃቀም በሚገባ ሠልጥናለች" ብዬ ጻፍኩና ወረድኩ።

ረቡዕ ስመለስ ደስታ ገበያ ሄዶ ነበር። ሴትዮዋም ገበያ ነበረች፤ እሷ ተመለሰች፣ ምሳ ሰጠችኝ፣ እሱ ግን እስክሄድ ድረስ አልታየም። ስለ ደስታ ከአቶ ማርቆስ ብዙ ነገር ተረዳሁ። አምስት ልጅ ወልዷል። ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ይዘምራል። ትናንት እንሰት ሲፍቅ ውሎ ወገቡን አሞታል። ይህን ሲነግረኝ "መሣሪያውን ሲፈትሽ ነው" ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። አላዋቂ ሰው ዝም ይላል፤ እኔ ግን የተማርኩ ስለሆንኩ ለሁሉም ነገር ማስረጃ አላጣም።

ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነበር። ከአይሱዙው ሳልወርድ "ደስታ አለ?" ብዬ ጮህኩ።

"አለ!" አለኝ አቶ ማርቆስ። "ቤት ውስጥ ነው።"

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ከውጭ ብርሃን ለመጣ ሰው ቤቱ ጨለማ ነው፤ ከወዲያ ጥግ እሳት ይታያል፣ ከእሳቱ አጠገብ ሴትዮዋ ተቀምጣለች። ወደ ቤቱ ውስጠኛ ክፍል አንገቴን አስግጌ ተጣራሁ።

"ደስታ!"

"አቤት" አለች ሴትዮዋ።

"አንቺን አይደለም እናት" አልኳት። "ደስታን ነው የምጠራው።"

ትክ ብላ አየችኝ። ትኩሳት ያለበትን ሰው እንደማየት ነበር። እኔ ግን አልገረመኝም፤ በኛም አገር ባል ሲጠራ ሚስት "አቤት" ትላለች። "የደስታ ሚስት መሆኗ ነው" ብዬ ደመደምኩ፤ አከራዩን ባላገኘው ለካ ሚስቱን አግኝቻለሁ። እንደገና ተጣራሁ። እንደገና "አቤት" አለች። እንደገና አንቺን አይደለም አልኳት። ተነስታ ምሳና ውሃ ሰጠችኝ፤ ግንባሬን ብትዳብስ ደስ ባላት። ወጥቼ ለአቶ ማርቆስ "የለም" አልኩት።

"አለ'ኮ!" አለኝ።

"ገብቼ አየሁ፤ ሚስቱ ብቻ ናት ያለችው።"

አቶ ማርቆስ ይህን ሲሰማ መወርወሪያውን አስቀመጠ፤ ወደ ሰማይ ተመለከተ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። የጴንጤ ሰው ስለሆነ እየጸለየ እንደነበር አልጠራጠርም። ለማን እንደጸለየ ግን የገባኝ በማግስቱ ነው።

መሣሪያውንና ሴቶቹን በማግስቱ መኪና እንዲያመጣቸው ነግሬ ባዶ እጄን ወረድኩ። ከከተማው ሰፈሮች አንዱ ሲቀላ ስደርስ ያየሁትን ብትነግሩኝ እኔም አላምንም ነበር፦ "ደስታ የእንጨት ሥራ" የሚል ታፔላ። ውስጥ አንድ ወፍራም ሳቂታ ሰው የቁም ሳጥን በር ይልጋል።

"የዶርዜ ሰው ነህ?" አልኩት።

"አባቴ የዶርዜ ሰው ነው።"

"ዶርዜ ቤት አለህ?"

"የአባቴ ቤት አለ።"

አከራዩ!

"መሣሪያ ሠርተሃል?"

"ምን ያልሠራሁት አለ! አልጋ፣ በር፣ የሽመና ዕቃ..."

የሽመና ዕቃ! መርገጫው! ለማረጋገጥ ብቻ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ። "ባለቤት ነህ?"

"አዎ፣ ባለቤት አለኝ" አለኝ። "ሦስት ልጆችም።"

ልጆቹ በሁለት ጎደሉ። ነገር ግን ደስታ ሰልችቶኝ ነበር፤ ማለቴ ደስታን መፈለግ። ቅጹን ዘረጋሁለት፣ ነገ ኤግዚቢሽን አለ አልኩት። ሳያነብ ፈረመ፤ እኔም አላነበብኩለትም። ባለቤቱ፣ የሥራ ሂደቱ ማለቴ ነው፣ ማህተም አሳረፈበትና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያን ማታ ቴክኖሎጂ ለካ ቀላል ነገር ነው እያልኩ ተኛሁ።

ዐርብ የኤግዚቢሽኑ ድንኳን ሞላ። የክብር እንግዳው ነጭ ሸሚዝና ከረባት አድርገው ከዕቃ ወደ ዕቃ ይዞራሉ። የዶርዜ ሴቶች መሣሪያቸውን ከበው ቆመዋል፤ ሸምገል ያሉት እናት ግንዳቸውን እንደታቀፉ ናቸው። አናጢው ደስታ በተውሶ ኮት ከጎኔ ቆሟል፤ ምን ሊያደርግ እንደመጣ አልጠየቀም፣ ምሳ እንዳለ ግን ጠይቋል። አቶ ማርቆስ አናጢውን ደጋግሞ ያየዋል፣ ቀጥሎ እኔን ያየኛል።

"ፈጣሪው የታለ?" አሉ እንግዳው።

"ደስታ!" ብዬ ተጣራሁ።

"አቤት" አሉ ሁለት ድምፆች። አንዱ የሴት ነበር።

አናጢውን ገፋ አደረግኩት። ሄዶ መሣሪያውን በግራም በቀኝም አየው። አናጢ ነውና አሠራሩን አደነቀ፤ "ይህን ማን ሠራው? ጎበዝ ነው!" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። እንግዳው እንዲያሳያቸው ጠየቁት። አናጢው ፊትና ኋላውን አዙሮ ተቀመጠ፣ ግንዱን በቁሙ አስገባው፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። ጎባጣው ቀርከሃ ተወርውሮ ሲመለስ ግማሽ ግንድ እንሰት ይዞ ተነሳ። የእንሰቱ ውሃ ሁሉ የእንግዳው ከረባት ላይ አረፈ።

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ሳቁ። ያቺ ሦስት ቀን ምሳ ያበላችኝ ሴት ግን አልሳቀችም። ወደ ፊት መጣች፣ አናጢውን በክንዱ ይዛ አስነሳችው፣ የተፈታውን ከመነዳሪ አሰረችና ተቀመጠች። ከዚያ ድምፁ ብቻ ተሰማ፤ እግር ይረግጣል፣ መፋቂያው ይወርዳል፣ ይወጣል። ነጩ ክምችት ከሥሯ ሲቆለል እንግዳው ከረባታቸውን መጥረግ ረስተው ቆሙ።

"ደስታ ይኼ አይደለም!" አለ አቶ ማርቆስ በአናጢው ላይ እየጠቆመ። ትዕግሥቱ ማለቁ ነበር። "ደስታ እሱ ነው!" ጣቱ ወደ ሴትዮዋ ሄደ። "ባለቤቴ ነው!"

"እሷ!" አልኩ።

"አዎ፣ እሱ!" አለኝ።

ያን ጊዜ ደርሶ ገባኝ። ውሃው፣ ልብሱ፣ አምስቱ ልጅ፣ ጨለማ ውስጥ ያለው አቤት። የሥራ ሂደት ባለቤቱ ቅጹን ይዞ መጣና በጆሮዬ "ማህተም አርፎበታል'ኮ" አለኝ። "አድራሻው ሲቀላ ነው። አሥሩ ሲቀላ ነው የሚሄደው።" ሲቀላ እንሰት የሚፍቅ ማን አለ? ሴቶቹ የምንነጋገረውን ከፊታችን አነበቡት መሰል ሳቃቸው ቆመ። ሸምገል ያሉት እናት ግንዳቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። እዚያ ላይ ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ ስም ያው ስም ነው፣ ደስታ ያው ደስታ ነው።

ወደ እንግዳው ሄድኩ። "ክቡር ሆይ፣ ስህተቱ የሰዋስው ነው" ብዬ ጀመርኩ። ሰዋስው ግን አፌ ውስጥ መረረኝ። "ስህተቱ የሰዋስው አይደለም" አልኩ። "የኔ ነው። እኚህን ሴት በዚህ መሣሪያ ሲሠሩ፣ ሲያስሩና ሲያስተካክሉ አይቻቸዋለሁ። ሠሪዋ እሳቸው ይሆናሉ ብዬ ግን ለአንዲት ደቂቃ አላሰብኩም። ወንድ ነበር የምፈልገው።" አፍሬ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

አናጢው "እኔ ምን አጠፋሁ? ስሜን ጠየቁኝ፣ ነገርኩ" አለ። ቀጥሎም አሥሩ ሲሠሩ እንጨቱን እሱ እንደሚልግ ቃል ገባ። እንግዳው ቅጹን ተቀበሉና ከአራት ቀደዱት፤ "ሌላ አምጡ" አሉ። ሌላ መጣ። ከላዩ በታይፕ "የፈጣሪው ስም፦ አቶ" ይልና ከዚያ ባዶ መስመር ይከተላል። ወንድ የሚፈልገው እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ አየሁ። ቀይ እስክርቢቶዬን ከደረት ኪሴ አወጣሁና "አቶ" የሚለውን ሰረዝኩ፤ በሕይወቴ ያረምኩት ትክክለኛ እርማት እሱ ይመስለኛል።

ሴትዮዋ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ መጣች። ቅጹን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

"ሦስት ቀን ምሳዬን በላሽ" አለችኝ። "እናት፣ እናት አልሽኝ። ስሜን ግን አንድ ቀን አልጠየቅሽም።"

እስክርቢቶው በእጄ ነበር። አላረምኳትም።

"ደስታ" አልኳት።

"አቤት" አለች።

"እርስዎን ነው" አልኩና ብዕሩን አቀበልኳት።